ሽቦውን ማን ይጠብቃል? ሰውንስ?

«ጋሼ፣ ምጣዱ ይነዝራል፡፡»

ይህችን አጭር ዐረፍተ ነገር በቤታችን ሥራ የምታግዘን ልጅ ባለፈው ዓመት ሦስት ጊዜ ነግራኛለች፡፡ በመጀመሪያው ቀን «ነጠላ ጫማ አድርጊ» አልኋት፡፡ በሁለተኛው ቀን ከጓሮ ደረቅ ጣውላ ፈልጌ ከምጣዱ ፊት አነጠፍሁላትና ችግሩን የፈታሁ መሰለኝ፡፡ በሦስተኛው ቀን የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት እያረምሁ ስለነበር ቀና ብዬም አላየኋት፡፡ ከዚያ በኋላ ደግማ አልነገረችኝም፡፡ ዝም ያለችው መንዘሩ ቀርቶ አልነበረም፤ መናገሩ ፋይዳ እንደሌለው ስለ ገባት ነበር፡፡

በዚያው ሰሞን በክፍል ውስጥ የማስተምረው ስለ ተጠያቂነት ነበር፡፡ አቤት የሚል ዜጋ የሚሰማው አካል ሊኖረው እንደሚገባ፣ አቤቱታን የማይሰማ ተቋም ውሎ አድሮ ራሱን እንደሚጎዳ፣ ሰሌዳ ሙሉ እየጻፍሁ አስረዳ ነበር፡፡ በገዛ ወጥ ቤቴ የቀረበውን አቤቱታ ግን በአንድ ጣውላ ዘጋሁት፡፡

ውድ አንባቢያን፣ «ስለ ሕግና ስለ ተቋማት ሲጽፍ የኖረ ሰው ዛሬ ስለ እንጀራ ምጣድ ሊያወራን ነው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል፡፡ አዎን፣ ስለ ምጣድ ነው፡፡ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? የዚህ ነገር ሥሩ ያለው ከመግቢያው በር ጀርባ፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለች አንዲት የእንጨት ገበታ ላይ ነው፡፡

* * *

የምንኖርበትን ቤት ያሠሩት አባቴ ናቸው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፡፡ በዘመኑ ደንብ መሠረት የኤሌክትሪክ መስመሩ ከቆጣሪው ወጥቶ ከእንጨት ገበታ ላይ ይደርሳል፤ ገበታው ላይ ነጫጭ የሸክላ ፊውዞች ተደርድረዋል፡፡ በእያንዳንዱ ፊውዝ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነች ሽቦ አለች፡፡ የዚህች ሽቦ ሥራ መሞት ነው፡፡ መስመሩ ከሚችለው በላይ ሲጫንበት እርሷ ቀድማ ትቀልጣለች፤ እርሷ ስትቀልጥ መብራቱ ይጠፋል፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦም ከመቃጠል ይድናል፡፡

በልጅነቴ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምናደርገው በመስኮት ወጥቶ ጎረቤትን ማየት ነበር፡፡ የጎረቤት መብራት ካለ «የእኛ ብቻ ነው» ይባልና አባቴ ወንበር ላይ ይወጣሉ፡፡ እኔ ባትሪ አበራላቸዋለሁ፡፡ የተቃጠለችውን ቀጭን ሽቦ ያወጡና ከአሮጌ ገመድ የመዘዙትን የመዳብ ሽቦ ጠምዝዘው ይከቱበታል፡፡ እንደገና ሲቃጠል ጨምረው ያወፍሩታል፡፡ በመጨረሻ አንድ ቀን «አሁን ጠንካራ አድርጌዋለሁ፤ ከእንግዲህ አይቃጠልም» አሉ፡፡ እውነታቸውን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልተቃጠለም፡፡ እኛም አጨበጨብን፡፡

አባቴ ዕውቀት የጎደላቸው ሰው አልነበሩም፡፡ ሌሊት ሱቅ ተዘግቶ፣ ልጆች ነገ ፈተና እያለባቸው፣ አንድ አባወራ ሊያደርግ የሚችለውን አደረጉ፡፡ ጊዜያዊው መፍትሔ ግን ለአርባ ዓመት ቋሚ ሆኖ ቀረ፡፡ ቤቱን ስወርስ ያንን ሽቦም አብሬ ወረስሁ፡፡

* * *

ምርመራው የመጣው በእኔ ጥንቃቄ አይደለም፡፡ የውኃ ማሞቂያ ለማስገጠም ፈልጌ አንድ የሙያ ፈቃድ ያለው ወጣት ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ፡፡ ልጁ ገበታውን ጥቂት አየና «ዶክተር፣ እዚህ ላይ ሌላ ነገር አልሰቅልም፤ መጀመሪያ ቤቱ ይመርመር» አለኝ፡፡ ገንዘብ ለመጨመር የፈለገ መስሎኝ ቅር አለኝ፡፡ እርሱ ግን ጸና፡፡ ግማሽ ቀን ሙሉ ሶኬት ሲፈታ፣ በመሣሪያ ሲለካ፣ ሲጽፍ ዋለ፡፡

መጀመሪያ የአባቴን «ጠንካራ» ፊውዝ ነቅሎ አሳየኝ፡፡ የ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ለመቅለጥ 80 አምፔር ገደማ ይፈልጋል፡፡ ከእርሱ ቀጥሎ በግድግዳው ውስጥ የሚሄደው ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ደግሞ በደኅና የሚሸከመው ከ16 አምፔር ብዙም አይበልጥም፡፡ እንግዲህ ጭነት ቢበዛ መጀመሪያ የሚቃጠለው የትኛው ነው? ፊውዙ ሳይሆን ቤቱ ነው፡፡

ቀጥሎ ወደ ወጥ ቤት ገባ፡፡ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፡፡ ይህ በ220 ቮልት ሲካፈል ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው፡፡ ምጣድ ደግሞ እንደ ሻይ ማፍያ ለአምስት ደቂቃ ተሰክቶ አይነቀልም፤ የሳምንት እንጀራ ሲጋገር ሁለትና ሦስት ሰዓት ይቆያል፡፡ ያ ሁሉ የሚያልፈው በዚያችው ቀጭን ሽቦ ነበር፡፡ ሶኬቱ ሲፈታ የሽቦው ሽፋን ቡናማ ሆኖ እንደ ደረቅ ቅጠል በጣት ይፈረፈር ነበር፡፡

ሦስተኛው ግኝት ያስደነገጠኝ ነው፡፡ ሶኬቶቻችን ሦስተኛዋን የመሬት መስመር መገናኛ አላቸው፤ ከጀርባዋ ግን ምንም ሽቦ የለም፡፡ «ይቺ ለጌጥ ናት» አለኝ ልጁ፡፡ በምጣዱ ሸክላ ውስጥ የሚሄደው የሚግል ሽቦ፣ ሸክላው ሲሰነጠቅና ሊጡ ሲሰርግ፣ ኮረንቲውን ወደ ብረቱ አካል ያፈስሳል፡፡ የመሬት መስመር ቢኖር ያ ኮረንቲ በመዳብ ሽቦ ወደ መሬት ይወርድ ነበር፡፡ መስመሩ ስለሌለ ወደ መሬት የሚወርድበትን ሌላ መንገድ ይፈልጋል፡፡ በእኛ ወጥ ቤት የነበረው ሌላ መንገድ አንድ ብቻ ነው፡፡ እርሱም የልጅቱ እጅና እግር ነው፡፡

* * *

«ብሬከር ባስገባበትስ ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት፡፡ መልሱ በዕድሜዬ ካገኘኋቸው ጥሩ ትምህርቶች አንዱ ነበርና እንደ ነገረኝ ላስቀምጠው፡፡

ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦን ነው፡፡ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ከ16 አምፔር በላይ እስካላለፈ ድረስ አይንቀሳቀስም፡፡ 16 አምፔር ማለት 16,000 ሚሊ አምፔር ነው፡፡ በሰው አካል ውስጥ ሲያልፍ ልብን ሊያዛባና ሊገድል የሚችለው ግን ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ሆኖ ጥቂት የቆየ ኮረንቲ ነው፡፡ ሰው ምጣዱ ላይ ተጣብቆ ቢሞት ብሬከሩ ሁሉም ነገር ሰላም ነው ብሎ ይቀመጣል፡፡ በእርሱ መለኪያ በእርግጥም ሰላም ነው፤ ሽቦው አልጋለምና፡፡

ሰውን የሚጠብቀው ሌላ መሣሪያ ነው፡፡ ባለሙያዎቹ አርሲዲ ይሉታል፡፡ ሥራው ማነጻጸር ነው፡- በአንዱ ሽቦ የሄደው ኮረንቲ በሌላው ሽቦ በሙሉ ተመልሷልን? ከሄደው 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ፣ የጎደለው በማይገባ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው በኩል እየፈሰሰ ነው ማለት ነው፡፡ ያን ጊዜ ከአንድ ሦስተኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መስመሩን ይቆርጠዋል፡፡

ልጁ የምርመራ ውጤቱን በአንድ ገጽ ጽፎ በሦስት ደረጃ ከፈለው፡- ዛሬውኑ የሚቆም፣ በዚህ ወር የሚሠራ፣ ቢሻሻል የሚመረጥ፡፡ ምጣዱን ከመጀመሪያው መደብ ላይ አስቀመጠውና ሶኬቱን ነቅሎ ሽቦውን ለየው፡፡ ሦስት ሳምንት እንጀራ ከሱቅ ገዛን፡፡

ሥራው አራት ቀን ፈጀ፡፡ የእንጨቱ ገበታ ወርዶ የብረት ሣጥን ተሰቀለ፡፡ በውስጡ ዋና ማጥፊያ፣ አርሲዲ፣ ለመብራት ባለ 10፣ ለሶኬት ባለ 16 አምፔር ብሬከሮች ተደረደሩ፡፡ ለምጣዱ ብቻ በባለ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ራሱን የቻለ መስመር ተዘረጋ፡፡ በጓሮ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ተቀበረና የመሬት መስመሩ ከሶኬቶቹ ሁሉ ጋር ተገናኘ፡፡ ወጪው ከወር ደመወዜ በለጠ፡፡ አልዋሽም፤ አንገቴን እያሻሸሁ ነው የከፈልሁት፡፡

* * *

በመጀመሪያው ምሽት ምን የሆነ ይመስላችኋል? ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ድንገት ቤቱ ሁሉ ጨለመ፡፡ አርሲዲው ወርዷል፡፡ አነሣነው፤ ወረደ፡፡ እንደገና አነሣነው፤ ወረደ፡፡ ልጆቼ «የድሮው ይሻል ነበር» አሉ፡፡ ሊጠይቀን የመጣ ጎረቤት «ቀላል ነው፤ ይቺን በሽቦ ማሳለፍ ነው» ብሎ መፍትሔውን አቀረበ፡፡ በዚያች ቅጽበት የአባቴ እጅ በእኔ ትከሻ ላይ የዞረ መሰለኝ፡፡ እንደ እርሳቸው ወንበር ላይ ቆሜ ነበር፤ ልጄም እንደ እኔ ባትሪ ይዞልኝ ነበር፡፡

ጥፋተኛው በኋላ ተገኘ፤ ሽፋኑ የተላጠ አሮጌ ካውያ ነበር፡፡ ስንት ዓመት ልብስ ስንተኩስበት እንደኖርን እግዚአብሔር ያውቃል፡፡ መሣሪያው በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ነገረን፤ እኛ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ልናፍነው ተመካከርን፡፡

እንግዲህ ወደ ለመደብን ወሬ ልመለስ፡፡ አገራችን የሚያቆም ነገር አይወድላትም፡፡ «ይህ ሥራ አይፈቀድም» የሚል መሐንዲስ አደናቃፊ ይባላል፡፡ «ይህ ሒሳብ አይታረቅም» የሚል ኦዲተር ልማት አይወድም ይባላል፡፡ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ፣ የሚያግድ ዳኛ፣ «ጋሼ፣ ይነዝራል» የምትል የቤት ሠራተኛ፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ሥራቸው የጎደለውን መናገርና በጊዜው ማቆም ነው፡፡ እኛ ግን በየሥርዓቱ በእነርሱ ቦታ ወፍራም ሽቦ ስንጠመዝዝ ኖረናል፡፡ መብራቱም አይጠፋም፡፡ ሲጠፋ የሚጠፋው ከነቤቱ ነው፡፡

የከፋው ደግሞ ሌላ ነው፡፡ ጥበቃ ሲኖረንም የምንጠብቀው ሽቦውን ነው፡፡ ቆጣሪዬን ተመልከቱ፡፡ በማኅተም ታሽጓል፤ ማኅተሙን ብነካ እቀጣለሁ፤ ተገቢም ነው፡፡ አባቴ ቤቱን ካሠሩ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗል፡፡ ቆጣሪው በካርድ እስኪተካ ድረስ ቆጣሪ አንባቢ መምጣት አላቋረጠም፡፡ የሽቦ መርማሪ ግን አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም፡፡ የሚመለከተው መስሎኝ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ስጠይቅ «እስከ ቆጣሪው የእኛ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ የራስዎ ነው» ተባልሁ፡፡ ብር የሚፈስበት ቦታ ማኅተም አለው፤ ኮረንቲ በሰው ላይ የሚፈስበት ቦታ ባለቤት የለውም፡፡

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም፡፡ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣንን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 810/2006 አለ፡፡ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጥቷል፡፡ ስለ ሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚናገር የአገር ደረጃ ከተዘጋጀም ሠላሳ ዓመት አልፎታል፡፡ ጥያቄዬ ሕጉ የኔን ወጥ ቤት በር የሚያንኳኳው መቼ ነው የሚል ነው፡፡

* * *

በሰሜን እንግሊዝ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወንድም አለኝ፡፡ ታሪኬን ስነግረው ሳቀና የራሱን ነገረኝ፡፡ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ደንብ የግል አከራይ የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ብቃት ባለው ባለሙያ እንዲያስመረምር ያስገድዳል፡፡ የምርመራው ወረቀት ቅጂ በ28 ቀናት ውስጥ ለተከራዩ ይሰጣል፡፡ አደገኛ ነገር ከተገኘ አከራዩ በ28 ቀናት ውስጥ፣ መርማሪው ከፈለገም ከዚያ ባጠረ ጊዜ ያሠራል፡፡ ካላሠራ የአካባቢው አስተዳደር አሠርቶ ወጪውን ሊያስከፍለው ይችላል፤ ቅጣቱም ደንቡ ሲወጣ እስከ 30,000 ፓውንድ ነበር፡፡ የወንድሜ አከራይ አሮጌውን የፕላስቲክ ሣጥን አውርዶ በብረት የቀየረው ተከራዩን ስለሚወድ አይደለም፡፡ ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ነው፡፡

እንግሊዞች ከእኛ በተለየ መልአክ ሆነው አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 በለንደን የግሬንፌል ሕንፃ ሲቃጠል 72 ሰዎች አልቀዋል፤ ከሟቾቹ ውስጥ ትውልደ ኢትዮጵያና ትውልደ ኤርትራ የሆኑ ወገኖች ይገኙበታል፡፡ እሳቱ የተነሣው በአንድ ማቀዝቀዣ የኤሌክትሪክ ብልሽት ሲሆን፣ ያን ያህል ሰው የፈጀው ግን ሕንፃው በውጭ የለበሰው ተቀጣጣይ ልባስ ነው፡፡ ነዋሪዎቹ ስለ ደኅንነታቸው አስቀድመው ጽፈው ነበር፡፡ እነርሱም እንደ ልጅቱ ሦስቴ አራቴ ተናግረው የሚሰማ አጥተው ነበር፡፡

* * *

እኛስ ከየት እንጀምር? እኔ ከኪራይ ቤት ብንጀምር እላለሁ፡፡ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ አዝዟል፡፡ ለምዝገባው መዋቅር ተዘርግቷል፤ ባለሙያ ተመድቧል፤ አከራይና ተከራይ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ይቆማሉ፡፡ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከውሉ ጋር አንዲት ተጨማሪ ወረቀት ትያያዝ፡- ፈቃድ ያለው ባለሙያ የቤቱን መስመር መርምሮ የፈረመባት ወረቀት፡፡ መጀመሪያ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ይሁን፤ የመሬት መስመር አለ ወይ? ሰውን የሚጠብቀው መሣሪያ አለ ወይ? መርማሪው ግን ዕቃውን የሚሸጠው ሰው መሆን የለበትም፡፡ እኔ የተጠራጠርሁት ልጅ ሐቀኛ ሆኖ ተገኘ፤ ሥርዓት ግን በሐቀኛ ሰው ዕድል ላይ አይገነባም፡፡

«ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ገና መብራት ባላገኘበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፡፡ ክርክሩን አከብራለሁ፤ ግን ተገልብጦ ይታየኛል፡፡ ገና የሚዘረጋው መስመር ነው በርካሽ ተስተካክሎ ሊዘረጋ የሚችለው፡፡ በእኔ ቤት ውድ የሆነው መሣሪያው አይደለም፤ አርሲዲው ከመካከለኛ የእጅ ስልክ ዋጋ በታች ነው፡፡ ውድ የሆነው የሃምሳ ዓመቱን ግድግዳ ፈልፍሎ ማረም ነው፡፡ ጭነቱም እያደር ይጨምራል፡፡ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ በየግቢው የኤሌክትሪክ መኪና እየተሰካ ነው፡፡ ባለ 7 ኪሎ ዋት የቤት ቻርጀር 32 አምፔር ያህል ይስባል፡፡ ሁለት ምጣድ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ማደር ማለት ነው፡፡

ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ደስ ብሎኛል፡፡ እንደ ብዙ መምህራን ከደመወዜ ቦንድ ገዝቻለሁ፤ አልጸጸትም፡፡ 5,150 ሜጋ ዋት ትልቅ ቁጥር ነው፡፡ ያ ኃይል ግን በተራራና በሸለቆ ተሻግሮ በመጨረሻ የሚደርሰው አንዲት ወጥ ቤት ውስጥ፣ አንዲት ልጅ በእርጥብ እጅዋ ከምትነካው ምጣድ ላይ ነው፡፡ ግድቡን የሠራ አገር ለመጨረሻዎቹ አሥር ሜትሮች ኃላፊ የሚሆን ሰው ማጣት አልነበረበትም፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ኤሌክትሪክ ሳያዩ ነው፡፡

በአርሲዲው ላይ አንዲት የመሞከሪያ ቁልፍ አለች፡፡ በየጊዜው ስትጫን መሣሪያው መቁረጡን ታረጋግጣለች፡፡ ቀጠሮ ይዤ በየወሩ መባቻ እጫናታለሁ፤ ቤቱ ለአፍታ ይጨልማል፤ ልጆቹ ይጮኻሉ፤ መልሼ አነሣዋለሁ፡፡

ልጅቱን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፡፡ «ኧረ ምንም አይደል ጋሼ» አለችኝ፡፡ ምጣዱ አሁን አይነዝርም፤ ልጁ በፊቷ ለክቶ አሳይቷታል፡፡ እርሷ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንጀራ ስትጋግር ነጠላ ጫማዋን ታደርጋለች፤ ጣውላውንም እንዳነሣው አልፈቀደችልኝም፡፡ አልፈርድባትም፡፡ ሦስት ጊዜ ተናግራ አልተሰማችምና፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡